ያከራያችሁትን ቤት ስታዩ ከላቫንዲኖው ስር ጀምሩ

ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ ኪራዩ በሰዓቱ ገባ ማለት ቤቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። እኔ አንዱን ቤቴን ከአመት በላይ ሳላየው ቆይቼ ሄድኩና የኪችን ላቫንዲኖ ስር ያለውን ካቢኔት ስከፍተው ጣውላው በውሃ አብጦ ተላልጧል፣ ከሲፎኑ፣ ማለትም ውሃው ከሚወርድበት ጠማማ ቧንቧ ስር ደግሞ አንድ ጠርሙስ ተቀምጧል፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል። ተከራይዋ ማታ ማታ እየደፋች መልሳ ታስቀምጠዋለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት "ኪራይ ይጨምርብኛል ብዬ ፈራሁ" አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ የተበላሸው እኮ የሲፎኑ ጎማ ብቻ ነበር።

ከዛ ወዲህ ተከራይ በገባ በ3 ወሩ፣ ከዛ በየ6 ወሩ አያለሁ። ቀኑን አስቀድማችሁ በቴክስት አሳውቁ፣ ህጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ህጉንም ውላችሁንም እዩ፣ እኔ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እሰጣለሁ። ቁልፍ አለኝ ብላችሁ ሰው በሌለበት ዘው እንዳትሉ፣ ቤቱ የናንተ ቢሆንም ኑሮው የነሱ ነው።

ስትገቡ ግድግዳ ግድግዳውን ከማየታችሁ በፊት "የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?" በሏቸው፣ እዛ የሚያድረው ተከራዩ ስለሆነ ከናንተ የበለጠ ያውቃል።

ከሁሉም በላይ ውሃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ላቫንዲኖ ስር በአይን ብቻ አይታይም፣ ደረቅ ሶፍት ይዛችሁ የቧንቧውን መጋጠሚያ ጥረጉት፣ ከረጠበ ያፈሳል ማለት ነው። ሽንት ቤት ደግሞ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ያህል ሳትለቁት ቆዩ፣ ቀለሙ ታች መቀመጫው ውስጥ ከታየ ታንከሩ ውስጥ ያለው ጎማ አልዘጋም፣ ውሃው ቀን ከሌት በዝምታ እየሄደ ነው። ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ፍሳሽ አለ፣ ፈልጉት።

ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ካያችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ በሚቀጥለው ስትመጡ መስመሩን አልፎ ከሄደ አሁንም እየፈሰሰ ነው። ቁምሳጥን ጀርባ ጥግ ላይ ያለ ጥቁር ሻጋታ ግን ብዙ ጊዜ ከፍሳሽ ሳይሆን እንፋሎት መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ተከራዩን ከመውቀሳችሁ በፊት የሻወሩ ቬንትሌተር ይሰራል ወይ ብላችሁ እዩ።

መብራት ላይ የጠቆረ ወይም የሚግል ሶኬት ካለ ነገ አትበሉ፣ ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የጭስ አላርም ካለ የቴስት በተኗን ተጫኑ፣ ጀርባው ላይ ያለውን የተመረተበትን ቀን አይታችሁ 10 አመት ካለፈው ቀይሩት።

ፎቶ ስታነሱ ተከራዮቹ ሲገቡ ባነሳችሁበት አንግል አንሱ፣ ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው። አልጋቸውን፣ ልብሳቸውን፣ የልጆቻቸውን ፎቶ አታንሱ፣ መሳቢያም አትክፈቱ። ቀለም በፀሐይ ከደበዘዘ፣ ወለሉ መመላለሻው ላይ ከሳሳ ያው ሰው ስለኖረበት ነው፣ ተከራዩ ካስያዘው ዲፖዚት አይቆረጥም። የተሰበረ በር ሌላ ነገር ነው።

ቤት ስትደርሱ ያያችሁትንና ማን መቼ እንደሚያስተካክለው ጽፋችሁ በዛው ቀን ለተከራዩ ላኩለት፣ ባለሙያው የሚመጣበትን ሰዓት ጨምራችሁ።