አንድ ስልክ ለ60 ተማሪ፦ ልጆችን የሚያመራምር የጥላ ትምህርት እንዴት ይዘጋጃል?

ክፍሉ ውስጥ 60 ልጆች ቢኖሩና ስልክ የያዘው መምህሩ ብቻ ቢሆን ለዚህ ትምህርት በቂ ነው። ዋናው ጉዳይ ስልኩ ከኪስ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ልጆቹ ሳይገምቱ ቪዲዮ ከታየ፣ ወይም መልሱ ከኢንተርኔት ተፈልጎ ከተነበበላቸው፣ የሚቀራቸው ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው። ገምተው፣ ግምታቸውን ጽፈው፣ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ተከራክረው ሲያበቁ ስልኩ ቢወጣ ግን ሁሉም የራሱን ግምት ይዞ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል።

ከዚህ በታች ያሉት የጥላ ርዝመቶች ለድሬዳዋ የተሰሉ ናቸው። ሐረር ላይ ቢሠራ ልዩነቱ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ይመጥናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት (የመጥረጊያ እጀታ ይሆናል)፣ ክርና ድንጋይ ለቱንቢ፣ ሜትር፣ 20 ያህል ትናንሽ ጠጠሮች፣ አንድ ካርቶን፣ ባትሪው የሞላ ስልክ። ፓወር ባንክ ካለ ይያዝ፤ መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዋዜማው ማታ ነው።

1. በዋዜማው ጥያቄውን ይጠይቁ

ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ነገ ቀን 6 ሰዓት ገደማ፣ ጥላው በጣም በሚያጥርበት ጊዜ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ ወዴት ይወድቃል?» አማራጮቹ፦ ሀ) ጥላ አይኖርም፣ ለ) ወደ ሰሜን፣ ሐ) ወደ ደቡብ፣ መ) ወደ ምዕራብ። አቅጣጫ ለሚደናገራቸው ልጆች ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ተራራማ ጎን ያሳዩዋቸው፤ ደቡብ ያ ነው።

አብዛኞቹ ሀን ይመርጣሉ። «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት» ሲባል ሰምተው አድገዋልና። ጥያቄው የተመረጠውም ለዚህ ነው፤ የተሳሳተው መልስ በጣም ትክክል የሚመስልበት ጥያቄ ልጁ እንዲያስብ ያደርጋል። መልሱን ሁሉም የሚያውቀው ጥያቄ ግን የሚያስተምረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ መልሱንና «ምክንያቱም» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይጻፍ፤ በእስክሪብቶ ይሁን። በእርሳስ ከተጻፈ በማግስቱ ይታረምና የመጀመሪያው ሐሳብ ይጠፋል። ለግምት ማርክ አይሰጥ፤ ማርክ ካለበት ልጆቹ የሚገምቱት ጥላውን ሳይሆን የመምህሩን ፊት ነው።

2. ድምፅ ያሰጡ፤ ውጤቱን ግን አያሳዩ

ፕሊከርስ የሚባለው መተግበሪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለያየ ምልክት ያለው የወረቀት ካርድ ታትሞ ይታደላል፤ ልጁ መልሱን የሚወክለውን ጎን ወደ ላይ አዙሮ ይይዛል፤ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገባል። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም። ካርዱን በፕላስቲክ አያስለብጡት፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ያንጸባርቅና ካሜራው ምልክቱን አያነብም። ልጆቹም ጣታቸው ጥቁሩን ምልክት እንዳይሸፍን ጠርዙን ይያዙ። ማተሚያ ከሌለ ዓይን አስጨፍኖ በደረት ላይ በጣት ማስቆጠር ይቻላል፤ 1 ጣት ሀ፣ 2 ጣት ለ እያለ ይቀጥላል።

ውጤቱን ለክፍሉ ካሳዩ ልጆቹ ብዙ ድምፅ ወዳገኘው ይጎርፋሉ፤ ክርክሩም እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ቁጥሩን ለራስዎ ብቻ ይያዙ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስፋፉት ዘዴ፣ ልክ የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወያያሉ፤ ከዚያ ድጋሚ ድምፅ ይሰጣሉ። ከ30 በታች ከሆነ መጀመሪያ ፍንጭ ያስፈልጋል፤ «በጥቅምት ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለውይይቱ 3 ደቂቃ ይስጡ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይከራከሩ። ባልለመዱት ቋንቋ ሲሆን ምክንያታቸው ያጥራል፤ ያልገባቸውም ይመስላል።

3. ዘንጉን መትከል

እንጨቱን 20 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቀብረው 100 ሳንቲ ሜትር ከላይ ያስቀሩ። አሸዋ በሞላ ባልዲ ማቆም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥላው 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚሆንባቸው ቀናት የባልዲው አፍ ይውጠዋል። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ እንጨቱን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ከሥር በሚስማር ይምቱትና ቁመቱን ከጣውላው ወለል ጀምረው ይለኩ። በሁለት ጎን በቱንቢ ያረጋግጡ፤ መሬቱም ዝንባሌ አይኑረው።

ስልኩን ከዘንጉ በስተደቡብ 2 ወይም 3 ሜትር ርቀት ላይ ወንበር ላይ ያስቀምጡ። ጥላው ወደ ሰሜን በሚወድቅባቸው ወራት ፀሐይ ከካሜራው ጀርባ ትሆናለች። በካርቶን ሸፍነው ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ይብሱ። አፕል ስልኮቹ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ አየር ውስጥ እንዳይሠሩ ይመክራል፤ የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ደግሞ እዚያ ይደርሳል። ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክ ቀረጻውን መሃል ላይ ሊያቆም ይችላል። የአውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው እንዳይቋረጥ።

ከ5:15 እስከ 6:45 በታይም ላፕስ (ረጅሙን ጊዜ አሳጥሮ በሚያሳየው የስልኩ ቀረጻ) ይቅረጹ። 60 እጥፍ ፍጥነት ከተመረጠ 90ው ደቂቃ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይታያል። የጠዋቱ ፈረቃ ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ ስልኩ ይቀጥል፤ ቪዲዮው በማግስቱ ይታያል። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ተራ ገብተው በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጡ፣ ርዝመቱንም ይመዝግቡ። የጥላው ጫፍ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚደበዝዝ መሃሉን ይያዙ። ማንም ልጅ ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ እንዳያይ አስቀድመው ይንገሩ።

4. ቪዲዮውን መሃል ላይ ያቁሙ

ቪዲዮውን ጀምረው በ5:40 አካባቢ ያቁሙትና «ከዚህ በኋላስ?» ይበሉ። ከዚያ ይልቀቁት። ኅዳር 1 ገደማ ከሆነ አጭሩ ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ያገኙታል። ሀን የመረጡት ልጆች መጀመሪያ የሚሉት «እንጨቱ ዘሟል» ነው። አይከራከሯቸው፤ ቱንቢውን ይስጧቸውና ራሳቸው ወጥተው ይለኩ። የትምህርቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ግምቱን ለማዳን ሲል መለካት ይጀምራል።

ሁለተኛው እንግዳ ነገር ሰዓቱ ነው። አጭሩ ጥላ በኅዳር መጀመሪያ የሚታየው 5:56 ገደማ ላይ ነው፤ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6:26 ገደማ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ድሬዳዋ ያለችው 42 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚያዘገይ ወደ 12 ደቂቃ ይደርሳል። በዚያ ላይ የምድር ምህዋር ሞላላ መሆኑና የምትሽከረከርበት ዘንግ ማዘንበል እንደ ወራቱ እስከ 16 ደቂቃ ድረስ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ለመምህሩ የተጻፈ ነው፤ ለልጆቹ «ሰዓታችን ነው የተሳሳተው ወይስ ፀሐይ?» የሚለው ጥያቄ ለሳምንት ያህል ይበቃቸዋል።

5. በየወሩ መድገም

ልኬቱ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በድሬዳዋ የ1 ሜትር ዘንግ አጭሩ ጥላ መስከረም 13 ገደማ 17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ታኅሣሥ 12 ገደማ 65 ይደርሳል፤ መጋቢት 11 ገደማ ወደ 17 ይመለሳል። ሚያዝያ 7 ገደማ ይጠፋል፤ ሀን የመረጡት ልጆች ልክ የሚሆኑበት ቀን ያ ነው። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞርና ሰኔ 14 ገደማ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከመለካቱ በፊት በየወሩ አዲስ ግምት ይጻፍ። እነዚህን ቁጥሮች ግን ቀድመው አይለጥፉ።

በሌላ ከተማ የሚያስተምር ወዳጅ ካለዎት በመጋቢት 11 ልኬት በቴሌግራም ተለዋወጡ። በዚያ ቀን መቀሌ 24 ሳንቲ ሜትር፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 10 ተኩል ገደማ ያገኛሉ፤ ልጆቹም አንድ ፀሐይ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ጥላ እንዴት እንደምትጥል ይጠይቃሉ። ሁሉም የሚልኩት የዕለቱን አጭሩን ጥላ ይሁን፤ 6 ሰዓት ሲሞላ የተለካው አይደለም። የየከተማው እኩለ ቀን ይለያያልና በሰዓት ከተለካ ንጽጽሩ ይበላሻል።