ስለ ዳግም ምጽአት የሚለያዩ ወገኖችን እንዴት ማወያየት ይቻላል?

በአንድ ቤት አንዱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ የደብረ ዘይትን ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ሌላው ደግሞ ከጸሎት ቤት ስለ ንጥቀት፣ ማለትም ምእመናን ጌታን ለመቀበል ወደ አየር ስለ መነጠቃቸው፣ ተምሮ ሲመለሱ፣ ማዕድ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈራው ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ እየመሰላቸው ስለ ልዩ ልዩ ነገር ስለሚናገሩ ነው። እንዲህ ያለውን ውይይት እንዲመሩ ከተጠየቁ ዋናው ሥራዎ ክርክሩን ከዕለቱ ዜና አላቅቆ፣ ልዩነቱ በእርግጥ ወደተፈጠረባቸው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች መመለስ ነው።

አስቀድሞ የማይለያዩበትን በቃል ያስነግሩ። ከ381 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር የተያያዘው ጸሎተ ሃይማኖት ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ላይ ሊፈርድ ዳግመኛ በክብር እንደሚመጣ፣ ለመንግሥቱም ፍጻሜ እንደሌለው ይናገራል። ይህን የተዋሕዶ ምእመንም የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባልም ያለ ክርክር ይቀበላል። እንግዲህ ጠቡ ስለ መምጣቱ ሳይሆን ስለ አመጣጡ ቅደም ተከተል መሆኑን ሁሉም በጊዜ ቢረዱት ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ሰው ይቀንሳል።

ከዚያ ራእይ ምዕራፍ 20ን ከቁጥር 1 እስከ 6 ያስነብቡና ብዙውን ጊዜዎን እዚህ ያሳልፉ፤ ሺህ ዓመቱ በግልጽ የተጠቀሰው በዚህ ክፍል ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልስ፦ ጌታ የሚመጣው ከሺህ ዓመቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? «ፊተኛው ትንሣኤ» የሥጋ ነው ወይስ የመንፈስ? ነግሠው የሚኖሩትስ በምድር ነው ወይስ በሰማይ? መልሶቹ ሲነበቡ ወገኖቹ ራሳቸው ይለያሉ። ጌታ ቀድሞ መጥቶ በምድር ሺህ ዓመት ይነግሣል የሚሉት፣ በ2ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ሰማዕቱ ዮስጢኖስና ሄሬኔዎስ ከእነርሱ ወገን መሆናቸውን ይጠቅሳሉ። አውግስጢኖስ በበኩሉ ሺህ ዓመቱን ከክርስቶስ የመጀመሪያ ምጽአት አንሥቶ ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን አድርጎ ተረጐመው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ምድራዊ የሺህ ዓመት መንግሥትን አትቀበልም። ሦስተኛው ወገን ወንጌል ዓለምን ካሸነፈ በኋላ ጌታ ይመጣል የሚለው ሲሆን፣ ዛሬ በመካከላችን ደጋፊው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያጥፉበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ቢነግሯቸው ይጠቅማል። ዮስጢኖስ የሺህ ዓመቱን መንግሥት እየጠበቀ እንኳ፣ ከእርሱ የተለየ አሳብ ያላቸው ብዙ ቅን ክርስቲያኖች እንዳሉ ጽፏል፤ አውግስጢኖስም ቀደም ሲል የሚቃወመውን አሳብ ራሱ ይዞት እንደነበር አምኗል። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የማስታረቂያ ንግግር ይልቅ እነዚህ ሁለት ኑዛዜዎች ሰውን ያለዝባሉ።

ቀጥሎ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥17 ይምጣ። «እንነጠቃለን» የሚለው ቃል በሁሉም ወገን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ ንጥቀት አለ ወይስ የለም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ ጥያቄው ከታላቁ መከራ በፊት በስውር የሚፈጸም የተለየ ክንውን ነው ወይስ የዚያው የግልጹ ምጽአት ክፍል ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ትምህርት በሰፊው የተስፋፋው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ካስተማረ በኋላ ሲሆን፣ በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ አገር አድርሶታል። አዲስ መሆኑ ብቻውን ስሕተት አያደርገውምና ተቃዋሚዎቹ በዚህ ብቻ እንዲረቱ አይፍቀዱላቸው። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ክፍሉን ሲያብራራ፣ ንጉሥ ወደ ከተማ ሲገባ የተከበሩት ሰዎች ወጥተው ከሚያደርጉለት አቀባበል ጋር ያመሳስለዋል፤ እንግዳን እስከ መንገድ ወጥቶ ተቀብሎ አብሮ መመለስን ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ ምሳሌ ትርጕም አያስፈልገውም።

አረጋውያን ባሉበት ዓለም ያልፍበታል የሚባለው «ስምንተኛው ሺህ» መነሣቱ አይቀርምና ስሌቱን በወረቀት ላይ ያሳዩ። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር፣ በባሕረ ሐሳብ፣ 5500 ዓመተ ዓለም በዓመተ ምሕረት ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ 2000 ዓ.ም. 7500 ዓመተ ዓለም ነበር። ስምንተኛው ሺህ የገባው እንግዲህ በ1501 ዓ.ም.፣ ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው፤ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁም የሚያዝኑም አይቻለሁ።

ቀን ቈራጮችን በተመለከተ የአሜሪካዊውን ሰባኪ የዊልያም ሚለርን ታሪክ ይንገሩ። በዳንኤል 8፥14 ያለውን 2300 ቀን ዓመት አድርጎ ከ457 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በመቍጠር መጨረሻውን በ1843 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጠበቀ፤ ሳይሆን ሲቀር ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ብለው ወሰኑ፣ ቀኑም አለፈ። ብዙዎች ተበተኑ፤ ከቀሩት መካከል ቀኑን ሳይተዉ የሆነው ነገር በሰማያዊው መቅደስ ነው ብለው የተረጐሙት በ1863 እ.ኤ.አ. የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ። ይህን ሲናገሩ አድቬንቲስት ወንድም ወይም እኅት በመካከል ካሉ፣ ትርጕማቸውን ራሳቸው እንዲያስረዱ ዕድል መስጠት ይገባል።

በራእይ 13፥18 የአውሬው ቍጥር ስለተባለው 666 የሚነሣው ደግሞ ከክትባት እስከ መታወቂያ ቍጥር ይደርሳል። እዚህ ላይ ክርክር ከመግጠም ይልቅ፣ አንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች 616 እንደሚሉ፣ ሄሬኔዎስም ከቍጥሩ ጋር የሚገጥሙ ስሞችን ዘርዝሮ ካበቃ በኋላ ይህ ነው ብሎ ለመወሰን እንዳልደፈረ ያሳውቁ። ከዚያም ወሬውን ያመጣውን ሰው የትኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቍጥር እንዲህ እንደሚል በትሕትና ይጠይቁት። ካላገኘ ዘመናትንና ወራትን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጣችሁም የሚለውን የሐዋርያት ሥራ 1፥7ን ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርጉና ወደ ራእይ 20 ይመለሱ።