ቦርድና ርዕሰ መምህር ሆድና ጀርባ ሲሆኑ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ ሁሉም ይፈርማል። ክፍል ውስጥ ግን ምንም አይለወጥም። አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። ቦርዱ የሚወስነውና ርዕሰ መምህሩ የሚያቅደው ስለማይገናኙ ነው።

ፈጻሚውን ሳያማክሩ መወሰን። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ስልክን እንውሰድ። ወላጅ ያማርራል፣ ቦርዱም «ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ» ብሎ ይወስናል። ተገቢ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ስልክ በፌስታል ይሰበስባል። ስም የሚጻፍበት መዝገብ የለም፣ የሚቆለፍ ሳጥን የለም። አንዱ ስልክ ሲጠፋ ማን ይክፈል? ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ይረሳል፤ ተማሪውም የቦርድ ውሳኔ እንደማይጸና ይማራል። ቀድሞ ምክትሉን፣ ዩኒት ሊደሮቹንና ጥበቃውን ግማሽ ሰዓት ማነጋገር ይበቃ ነበር።

የበር መዝጊያ ሰዓትም ያው ነው። ከቱላ በባጃጅ የሚመጣ ልጅ አርፍደሃል ተብሎ ሲመለስ ቤቱ ላይሄድ ይችላል፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲዞር ይውላል። ያረፈደው የት እንደሚቆይ የማይናገር ደንብ ገና አላለቀም።

ገንዘቡን ሳያዩ ማቀድ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ያየ ቦርድ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን የመምህሩ ክፍያ ከድጎማ በጀቱ ነው፣ ከውስጥ ገቢ ነው ወይስ ከወላጅ? ይህ ሳይቆረጥ መምህሩ ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካየ ቅር ይለዋል፤ እውነቱን ነው።

ሁለተኛ ዕቅድ መጻፍ። ትምህርት ቤቱ ከግለ ግምገማው የወጣ የሦስት ዓመት የማሻሻያ ዕቅድ አለው። ቦርዱ ሌላ ወረቀት አያስፈልገውም። ያንኑ ክረምት ላይ፣ ሳይጸድቅ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ገጽ በገጽ ያንብብ።

ቦርዱን ለአጥርና ለመዋጮ ብቻ መጥራት። እዚህ ላይ ርዕሰ መምህራንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የሰሚስተሩ ውጤት በየትምህርቱና በየክፍሉ ለቦርዱ ይቅረብ። የ9ኛ ክፍልን የሒሳብ ውጤት ያላየ ሰው ስለ ማጠናከሪያ ምን ብሎ ይወስናል?

በአንድ ቋንቋ ብቻ መሰብሰብ። ሲዳምኛ የሚቀናው ወላጅ በአማርኛ የተነበበለትን ደንብ በደንብ ሳይሰማው አጨብጭቦ ይወጣል። የሚያስተረጉም መምህር በግቢው አይጠፋም። ከስብሰባው በፊት ይነገረውና ደንቡን ቀድሞ ያንብበው።