ሮል ኬጅ ስታስገጥሙ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ መኪናውን ለፍጥነት ያዘጋጀ ሰው ሮል ኬጅ (መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሾፌሩ ላይ እንዳይደፈጠጥ ውስጡ የሚተከል የብረት ቱቦ ማዕቀፍ) ሲያሠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱቦውን ውፍረት ነው። የኬጁ እግር ምን ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መኪና ሲገለበጥ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው እግሩ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

ትልቁ ስህተት እግሩን በባዶ ላሜራ ላይ ማሰር ነው። የመኪና ወለል ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። በሮንዴላ ብቻ የታሰረ እግር፣ መኪናው በጣሪያው ሲያርፍ፣ ሚስማር ቆርቆሮን እንደሚበሳ ወለሉን በስቶ ይወርዳል። ቱቦው አልጎበጠም፤ ጣሪያው ግን ሾፌሩ ላይ መጥቷል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍ አይ ኤ) ደንብ ለዋናው ቅስት (ከፊት ወንበሮች ኋላ ከጎን ወደ ጎን ለሚቆመው ቱቦ) እግሮችና ለፊት እግሮች ቢያንስ 3 ሚሊ ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጠናከሪያ ብረት ላሜራው ላይ እንዲበየድ ይጠይቃል። 10 በ12 ሴንቲ ብትቆርጡ ልክ ይመጣል። ለእያንዳንዱ እግር ቢያንስ 3 ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ያስፈልጋል፤ ከዋናው ቅስት ወደ ኋላ ለሚወርዱት ደጋፊ ቱቦዎች 60 ካሬ ሴንቲና 2 ቡሎን ይበቃል። ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ተቀርጾ ማየት አለባችሁ። 4.8 ከሆነ ወይም ምንም ካልተጻፈበት ለሻጩ መልሱለት። ምንጣፉን ሳያነሱ ከላዩ የሚያስሩም አሉ፤ ስፖንጁ እየሟሸሸ ሲሄድ ቡሎኑ ይላላል።

ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ደንቡ የሚለው ስፌት (በርዝመቱ የተበየደ መስመር) የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የካርቦን ብረት ነው፤ ለዋናው ቅስት ቢያንስ 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊ (ዲያሜትር በግድግዳ ውፍረት)፣ ለቀሪው 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። ቱቦውን ስታስቆርጡ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጭን ጉብታ ከተሰማችሁ ስፌት አለው። የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዚንክ ደግሞ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፤ ጭሱም በያጁን ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ቱቦላሬ ለበርና ለመስኮት ይቅር።

አሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍም የተለመደ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው በቀዝቃዛው ማጠፍን ብቻ ነው፤ የመታጠፊያው ራዲየስ ከቱቦው ዲያሜትር 3 እጥፍ እንዳያንስ። የታጠፈው ቦታ ከጠፈጠፈ ጠባቡን ጎን በካሊፐር ለክታችሁ ለሰፊው አካፍሉት። ከ0.9 በታች ከሆነ ጣሉት።

ብየዳ ላይ የሚሠራው ጥፋት ለዓይን አይታይም። ቱቦው ጣሪያው ሥር ስለሚጠጋ ኤሌክትሮዱ ከላይ በኩል አይደርስም፤ በያጁ የሚታየውን ግማሽ በይዶ ያልፋል። መገጣጠሚያው ዙሪያውን ካልተበየደ ግን ከዚያው ይከፈታል። መላው ቀላል ነው፦ የእግሮቹን ማረፊያ መጨረሻ ላይ ተዉት፣ ወለሉ ላይ እግሮቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ክፈቱ፣ ኬጁን በዚያ ወደ ታች ልቀቁት፣ ላይኛውን ጨርሳችሁ በይዱ፣ ከዚያ ወደ ቦታው አንሱትና ማጠናከሪያውን ብረት ከሥሩ ዝጉ። ሥራው ሳይጀመር ባትሪው ይነቀል፤ ወለሉ ሥር የሚያልፈው የነዳጅ መስመርም ይራቅ። በጣና ዳር ክረምት ደግሞ 7018 የሚባለው የብየዳ ኤሌክትሮድ ፓኬቱ ተከፍቶ ሜዳ ላይ ካደረ እርጥበት ይጠጣል፤ ያንን ሳያደርቁ መበየድ ውስጥ ለውስጥ ስንጥቅ ያመጣል። ተሞርዶ ስቱኮ የተቀባ ብየዳ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ለማሳመር የተሞረደው የብየዳውን ሥጋ ነው።

ከራሳችሁ አጠገብ ያለውን ቱቦ ባዶውን አትተዉት። በጣት ሲጫኑት የሚሟሽሽ የቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ ምንም አይጠቅምም፤ ኤፍ አይ ኤ 8857-2001 የሚባለው ደረጃ ያለውን ጠንካራ መሸፈኛ ፈልጉ። እሱም ቢሆን የተሠራው ሄልሜት ላደረገ ራስ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ሄልሜት የሚነዳ መኪና ላይ ሙሉ ኬጅ መግጠም በቀላል ግጭት እንኳ ጭንቅላትን ከብረት ጋር ያገናኛል። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ኤርባግ ካለም ቱቦው መንገዱን ይዘጋበታል።

ክረምቱ ሲወጣ መኪናውን ከመሬት ከፍ አስደርጉና የኬጁን እግሮች ሥር በእጅ ባትሪ እዩ። ጭቃው በማጠናከሪያው ብረትና በላሜራው መሃል ውሃ ይዞ ይቆያል። ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ከወጣ ቀለም አትደርቡበት፤ ቡሎኑን ፍቱ፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፣ ላሜራውን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ከገባ ተቆርጦ መለወጥ ያለበት ላሜራው ነው።