የነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ አልገጥም ሲል መጀመሪያ ስሙን መርምሩ

ቧንቧው ተራግፎ ተደርድሯል። ክሬኑ የመጀመሪያውን አንስቷል። ከዚያ አንዱ "ይሄ እኮ አይገባም" ይላል። መዶሻ ከመፈለጋችሁ በፊት የትእዛዙን ወረቀት አውጡ። እኔ እስካየሁት ድረስ ብዙ ጊዜ ብረቱ ደህና ነው፤ የጎደለው ከስሙ ላይ አንድ ቃል ነው። የአንድ ቲዩቢንግ ሙሉ ስም እንዲህ ይሄዳል፦ 2 7/8 ኢንች (የውጭ ዲያሜትሩ)፣ 6.5 ፓውንድ በጫማ (ክብደቱ)፣ ኤል80 (ግሬዱ፣ ማለትም የብረቱ ደረጃ)፣ ኢዩኢ (የጫፉ ዓይነት)፣ ሬንጅ 2 (የርዝመቱ መደብ)። ከነዚህ አንዱ ሲቀር ጣጣው ይጀምራል።

ማን ምን እንደሆነ ቶሎ እንለይ። ኬሲንግ የጉድጓዱን ግድግዳ ይዞ በሲሚንቶ ታስሮ እዚያው ይቀራል። ላይነርም ኬሲንግ ነው፤ ግን እስከ አፉ አይደርስም፣ ካለፈው ኬሲንግ ታችኛው ጫፍ አካባቢ ይንጠለጠላል። ቲዩቢንግ በውስጡ የሚገባው ቀጭኑ ነው፤ ነዳጁ የሚወጣው በእሱ ነው፣ ሲያረጅም ይቀየራል። ድሪል ፓይፕ የመቆፈሪያውን ጫፍ፣ ቢቱን ያዞራል። "ኮላር" የሚለው ቃል ግን ሰው ያሳስታል። አንዳንዱ ሁለት ቧንቧ የሚያያይዘውን አጭር ካፕሊንግ ኮላር ይለዋል። ድሪል ኮላር ደግሞ ከቢቱ በላይ ክብደት እንዲሰጥ የሚገባ ወፍራም ቧንቧ ነው። አንዱን በእጅ ታነሱታላችሁ፣ ሌላው ክሬን ይፈልጋል።

"3 ኢንች አዘዝን፣ የመጣው ሌላ ነው"

በመስመር ቧንቧ (ነዳጅ ከቦታ ቦታ በሚያስተላልፈው) ዓለም 3 ኢንች የሚባለው የውጭ ዲያሜትሩ 3.5 ኢንች ነው። ቁጥሩ መጠሪያ ነው፣ ልኬት አይደለም። ቲዩቢንግ ግን የሚጠራው በራሱ የውጭ ዲያሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ 3 የተባለው እዚህ 3 1/2 ነው፤ እዚያ 2 1/2 የተባለው እዚህ 2 7/8። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ መቆንጠጫ) አምጡና መሃሉን ለኩ። ጫፉን አትመኑት፣ ሊወፍር ይችላል።

ጥርሱ ትንሽ ይዞርና ይነክሳል

ሁለቱም 2 7/8 ናቸው፣ ግን አይጋቡም። ኤንዩኢ የሚባለው ጫፉ እንደ አካሉ ነው። ኢዩኢ ደግሞ ጥርስ ሲወጣለት እንዳይሳሳ ጫፉ ወደ ውጭ ወፍሯል። በዚህ መጠን ኤንዩኢ በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ጥርስ አለው፤ ኢዩኢ 8። ማስመሪያ ጥርሱ ላይ አስተኙና ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱም ይናገራል፦ 6.4 ፓውንድ ኤንዩኢ ነው፣ 6.5 ኢዩኢ። መፍትሄው በሁለቱ መካከል የሚገባ ክሮስኦቨር ነው፤ በአንድ ጫፉ የአንዱ፣ በሌላው የሌላው ጥርስ ያለው አጭር ማያያዣ። በግድ ማጥበቅ ሁለቱንም ያበላሻል።

ዓይነቱ አንድ ሆኖ ከነከሰስ? አሸዋ ገብቷል፣ ቅባቱ አንሷል፣ ወይ ቧንቧው ዘንበል ብሎ በፍጥነት ዞሯል። ፍቱ፣ እጠቡ፣ ጥርሱን በብርሃን እዩ። የተላጠና የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ያንን ቧንቧ ምልክት አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ቢቱ ኬሲንጉ ውስጥ አላልፍም አለ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱም ውድ ነው። 9 5/8 ኬሲንግ አለ፣ በውስጡ 8 1/2 ቢት ማሳለፍ ይፈለጋል። 47 ፓውንድ በጫማ የሆነው የውስጥ ዲያሜትሩ 8.681 ኢንች ነው። 53.5 የሆነው 8.535። የውጭው ስለማይለወጥ ክብደት ሲጨምር ብረቱ የሚወፍረው ወደ ውስጥ ነው። 8.535 ከ8.5 ይበልጣል፣ ታዲያ ምን ቸገረ? ችግሩ ቧንቧ ፍጹም ክብና ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የሚታመነው ቁጥር ድሪፍት ነው፦ ልኩ የታወቀ በትር በቧንቧው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ የተረጋገጠው ስፋት። የ47ቱ ድሪፍት 8.525 ነው፣ ቢቱ ያልፋል። የ53.5ቱ መደበኛ ድሪፍት 8.379 ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቧንቧ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ያንቃል።

ገና ካላዘዛችሁ "ልዩ ድሪፍት 8.5" ብላችሁ ጻፉ። ቧንቧው ግቢ ደርሶ ከሆነ በትሩን (ሠራተኞቹ "ራቢት" ይሉታል) በእያንዳንዱ ውስጥ አሳልፉ። ሲሚንቶ ከተሞላ ግን የቀረው ወደ 8 3/8 ቢት መውረድ ነው።

ብዙም ሳይጫን ተሰነጠቀ

በጄ55፣ በኤን80ና በፒ110 ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ በቋሚነት ሳይለጠጥ ቢያንስ የሚችለው ውጥረት ነው፣ በሺህ ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)። "ጠንካራው ይሻላል" ብሎ ፒ110 የሚያወርድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ያ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ካለ ግን ጠንካራ ብረት ድንገት ይሰነጠቃል፤ በተለይ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት። ኤል80 ከኤን80 ጋር እኩል ይሸከማል፣ ግን የብረቱ ድርቀት (ሃርድነስ) በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ23 እንዳይበልጥ ኤፒአይ 5ሲቲ በሚባለው የኬሲንግና የቲዩቢንግ መስፈርት ተገድቧል። የተሰነጠቀውን አውጡና በሚስማማው ግሬድ ቀይሩ። መደባለቅን ፍሩ፦ የኤን80 ዓይነት 1 ምልክት አንድ ቀይ ቀለበት ነው፣ የኤል80 ዓይነት 1 ቀይና ቡናማ። ቡናማው ቆሻሻ ይመስላል፣ ስለዚህ ጎኑ ላይ የታተመውንም ጽሑፍ አንብቡ።

ጥልቀቱ ከወረቀቱ ጋር አልገናኝ አለ

ቧንቧው ከነጥርሱ ተለክቷል። ሲጠብቅ ጥርሱ ካፕሊንጉ ውስጥ ስለሚገባ ያ ርዝመት ይጠፋል። በአንድ ቧንቧ 2 ኢንች እንኳ ብትሉ በ300 ቧንቧ 50 ጫማ ነው። "ሬንጅ 2 ነው" ብሎ በአማካይ ማባዛትም አያዋጣም፤ ሬንጅ 2 ኬሲንግ ከ25 እስከ 34 ጫማ ድረስ ነው። እያንዳንዱን በመለኪያ ገመድ ለኩ፣ ካፕሊንጉ ውስጥ የሚገባውን ቀንሱ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ቧንቧው ላይ ጻፉ። ሲወርድ አንዱ ይጥራው፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ይሰርዘው።