ኖክናሬይን ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምዕራብ አየርላንድ፣ ከስላይጎ ከተማ አለፍ ብሎ፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ኖክናሬይ የሚባል ኮረብታ ለብቻው ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ከሩቅ ስለሚታይ ያየው ሁሉ መውጣት ያምረዋል። መውጣቱስ መልካም ነው፤ አወጣጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ክምሩ ላይ መውጣት ነው። ክምሩ መቃብር ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ የኖሩ ገበሬዎች የሠሩት ሲሆን 10 ሜትር ያህል ከፍታና 55 ሜትር ያህል ስፋት አለው። በአፈ ታሪክ የምዕራብ አየርላንድ ግዛት የሆነችው የኮናክት ንግሥት ሜቭ ፊቷን ወደ ጠላቶቿ፣ ወደ ሰሜኑ ግዛት ወደ አልስተር አዙራ፣ እንደቆመች የተቀበረችው እዚህ ነው። የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተደርጎበት ስለማያውቅ በውስጡ ያለው ገና አልተጠናም። ድንጋዮቹ በጭቃ ወይም በኖራ አልተያያዙም፤ የወጣባቸው ሰው ሁሉ ጥቂቱን ወደ ታች ያንሸራትታል። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሥራ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲናድ ማየት ያሳዝናል። ደግሞም የኮረብታው አናት ሜዳ ነው፤ ክምሩን በእግር ቢዞሩት በሰሜን ቤን ቡልበን የተባለውን ተራራ፣ በምዕራብ ውቅያኖሱን አጥርተው ያያሉ።

ለማስታወሻ ብሎ ድንጋይ ይዞ መውረድም ያው ጥፋት ነው። ቀድሞ ሰዎች ድንጋይ ይዘው እየወጡ ይጨምሩበት ነበር። ዛሬ ይህም ይቅር፤ አዲሱ ከጥንቱ ጋር ይደባለቃልና።

ሁለተኛው ስህተት ቁመቱን አይቶ መናቅ ነው። 327 ሜትር ብቻ ነው ብለው በቀላል ጫማና በስስ ሹራብ የሚነሡ አሉ። የሚያስቸግረው ግን ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስ ነው። ከግርጌው ፀሐይ እያለ አናቱ በደመና ሊሸፈን ይችላል፤ የረጠበው ድንጋይም ያዳልጣል። ዝናብና ነፋስ የሚከላከል ካፖርትና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ የግድ ነው።

ሰዓትን አለማስላትም አለ። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከምሳ በፊት ይውጡ። አደጋ ከደረሰ በ112 ወይም በ999 ይደውሉ።

በመጨረሻም ግርጌው የገበሬዎች መኖሪያ መሆኑን አይርሱ። መኪናዎን በበራቸው ላይ አያቁሙ። ውሻ ካለዎት፣ በጎች ባሉበት ሁሉ አስረው ይያዙት፤ በተለይ በጎቹ በሚወልዱበት በጸደይ ወራት ያሳደደ ውሻ እርጉዝ በግ ሊያስጨነግፍ ይችላል።