በሳልሳ ምሽት የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ ምክንያቶቻቸውና መፍትሄዎቻቸው

በክፍል ውስጥ የተማሩትን ሁሉ ያለ ስህተት የሚሠሩ ደናሾች፣ ዘፈኑንም አብሯቸው የሚደንሰውንም ሰው አስቀድመው በማያውቁበት የሳልሳ ምሽት ላይ ሲገኙ ምቱ ይጠፋባቸዋል፣ እጃቸው ይደርቃል፣ ከጎናቸው ካሉት ጥንዶች ጋርም ይላተማሉ። ብዙዎቹ መፍትሄውን አዳዲስ ዙሮችን በመማር ይፈልጉታል። በእኔ እምነት ግን ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከጆሮና ከእጅ ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ የሚጨመር እንቅስቃሴ ጥፋቱን ያበዛዋል እንጂ አያርመውም። ከዚህ በታች መሪ የምለው እንቅስቃሴውን የሚጀምረውን፣ ተከታይ የምለው ደግሞ ተቀብሎ የሚመልሰውን ሰው ነው፤ ሴት ብትመራም ምክሩ አይለወጥም።

ጥቂት ከደነሱ በኋላ ምቱ ይጠፋል፣ እግር ከእግር ይጋጫል

ሳልሳ የሚቆጠረው እስከ 8 ሲሆን የሚረገጠው በ1፣ 2፣ 3 እና በ5፣ 6፣ 7 ላይ ነው፤ በ4 እና በ8 ላይ አዲስ እርምጃ የለም። ምት የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ይህችን ዕረፍት ማሳጠር ነው። ዘፈኑ ሲፈጥን የሚደነግጥ ሰው 4ን ዘልሎ 5 ላይ ቀድሞ ይገኛል፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገመው ከሙዚቃው ጋር ተለያየ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ዘፋኙን መከተል ነው፤ ዘፋኝ ከምቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የመግባት ነፃነት ስላለው፣ ድምፁን ይዘው የሚቆጥሩ ሰዎች አብረውት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በእኛ አገር ላደገ ጆሮ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ብዙው የጭፈራ ሙዚቃችን በስድስት ስምንተኛ በሚሄደው ችክችካ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ሰውነታችን ምቱን በሦስት በሦስት ሊከፍለው ይሻል፤ ሳልሳ ግን የሚሄደው በአራት በአራት ነው።

መፍትሄው ጆሮን ከዘፋኙ አንሥቶ ኮንጋው፣ ማለትም በመዳፍ የሚመታው ረጅም ከበሮ፣ ላይ ማሳረፍ ነው። ቱምባኦ በሚባለው የተለመደ የኮንጋ አመታት፣ በ2 እና በ6 ላይ ደረቅ የጥፊ ድምፅ ይሰማል፤ ከ4 እና ከ8 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ክፍት ድምፆች «ዱም ዱም» ብለው ይመጣሉ። «ዱም ዱም» የሚለው ልክ እግር አዲስ እርምጃ በማይረግጥበት የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚረገጠው ሁልጊዜ ወይ 1 ወይ 5 ነው። ተቀባዮቹ ገብተው ሙዚቃው ሲሞቅ ካምፓና የተባለው የእጅ ደወል ይጨመራል፤ ጠንካራ ምቶቹ በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ስለሚያርፉ በጫጫታ መካከል እንኳ ጎልተው ይሰማሉ። ክላቬውን፣ ማለትም በ8ቱ ቆጠራ ውስጥ የሚሰሙትን አምስት ምቶች፣ ጀማሪ ሰው ይዞ እንዲነሣ አልመክርም፤ በብዙ ቅጂዎች ላይ በግልጽ ስለማይመታ ፍለጋው ራሱ ያደናግራል።

ለጆሮ መለማመጃ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ያስቀረጿቸው የላቲን ምት ያላቸው ሥራዎች ድንቅ ናቸው፤ ቅኝቱ ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ጆሮ በዜማው ሳይጠመድ ከበሮውን ለመከታተል ይችላል። ይህን ወይም ሌላ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ያለ ዙርና ያለ ጥንድ፣ ሦስት እየረገጡ አንድ እያሳረፉ በክፍል ውስጥ መራመድ በቂ ልምምድ ነው።

ምቱ መሃል ላይ ከጠፋ መሪው ዙሩን ማቆም፣ ሁለቱንም የጥንዱን እጆች ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ እያዛወረ «ዱም ዱም» እስኪሰማ መጠበቅና እንደገና መጀመር አለበት። ተከታይዋ መሪው ከምቱ እንደ ወጣ ብታውቅም እንኳ እርሱን መከተሏን ብትቀጥል ይሻላል፤ ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያየ ቆጠራ ከሚደንሱ ይልቅ አንድ ላይ ሆነው ቢሳሳቱ ለመመለስ ይቀላቸዋል።

ከዳንሱ በኋላ ትከሻ ወይም የእጅ አንጓ ያማል፤ ዙሩ ዘግይቶ ወይም ተንጋዶ ይወጣል

ይህ ችግር ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል፤ ሰው ይጎዳልና። በመሪው በኩል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት ነው። አውራ ጣት የተከታይዋን እጅ ከላይ ሲጫን፣ እርሷ ስትዞር አንጓዋ አብሮ መዞር ስለማይችል ይጠማዘዛል። አውራ ጣትን አንሥቶ፣ ጣቶችን እንደ መንጠቆ አጠፍ አድርጎ፣ መዳፏ በውስጣቸው በነፃነት እንዲዞር መተው ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመሪ ጥፋት ምልክቱን ማዘግየት ነው፤ ተከታይዋ በ5፣ 6፣ 7 ላይ ወደ ቀኝ እንድትዞር የሚፈልግ መሪ በ5 ላይ እጇን ቢያነሣ ጊዜው አልፏል፣ የዘገየውንም በጉልበት ማካካስ ይጀምራል። እጁ በ3 ላይ መነሣት ከጀመረ እርሷ በ4 ዕረፍት ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። በዙሩ ጊዜ እጁ ከራሷ አናት በላይ ሆኖ ከሲኒ ማስቀመጫ የማይሰፋ ክብ ይሥራ፤ ክቡ ከሰፋ ሚዛኗን ስታ ወደ ጎን ትሳባለች።

በተከታይዋ በኩል ደግሞ ክርንን ቀጥ አድርጎ መቆለፍና እጅን ፈጽሞ ማልፈስፈስ ሁለቱም ያው ጉዳት አላቸው፤ የመጀመሪያው ምልክቱን ይመልሰዋል፣ ሁለተኛው ያጠፋዋል። ክርኑ ከጎድን አጥንት ትንሽ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ እጁም በተቀበለው ግፊት መጠን ብቻ መልሶ ይግፋ። ጥሩ መፈተኛ አለ፤ አንድ ዘፈን ሙሉ በአንድ ጣት ብቻ ተያይዛችሁ ደንሱ። ያልተሳካው ዙር ሁሉ እስከ ዛሬ በጉልበት ሲሠራ የነበረ ዙር ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ደናሾች የምጨምረው አለኝ። እስክስታ ትከሻን ያናግራል፤ በሳልሳ ግን ሁለቱ ተያይዘው ሳሉ ትከሻ ምልክት የሚያልፍበት መስመር ስለሆነ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣው መልእክት አይነበብም። እጅ ለእጅ ተለቃቅቃችሁ ሻይን በሚባለው የነጠላ እርምጃ ጊዜ ግን እስክስታውን አውጡት፤ እዚያ ያምርበታል።

ከአንዱ ጋር ይሰምራል፣ ከሌላው ጋር አይሆንም

ምናልባት ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁ ይሆናል። በሎስ አንጀለስ ስልት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰበረው፣ ማለትም አቅጣጫ የሚቀየርበት እርምጃ የሚረገጠው፣ በ1 ላይ ነው፤ የዳንስ አስተማሪው ኤዲ ቶሬስ ባስፋፉት የኒው ዮርክ ስልት በ2 ላይ ነው፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሀቫና ውስጥ የተወለደው ካሲኖ የተባለው የኩባ ስልት ደግሞ በቀጥታ መስመር ሳይሆን አንዱ ሌላውን እየዞረ ይደነሳል። «በ1 ነው ወይስ በ2?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነገሩን ይፈታዋል።

ከሌሎች ጥንዶች ጋር መጋጨት

ምክንያቱ የእርምጃ ርዝመት ነው። እርምጃዎ ከገዛ ጫማዎ ርዝመት አይብለጥ፤ የሙዚቃው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ይጠር። መሪው ተከታይዋን ወደ አንድ አቅጣጫ ከመላኩ በፊት ቦታው ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጥ፣ ተከታይዋም ወደ ኋላ ስትረግጥ ተረከዟን ከፍ አድርጋ አትወርውር፤ ሹል ተረከዝ የሌላ ሰው የእግር ጣት ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ጥንድን ወደ ኋላ ጋደም ማድረግና ማንሣት ከማያውቁት ሰው ጋርም ሆነ በተጨናነቀ ቦታ አይደረግም። ከተጋጩ ጥፋቱ የማንም ይሁን ቆም ብለው ይቅርታ ይጠይቁ።

ጉልበት ይጠዘጥዛል

የላስቲክ ሶል ያለው ስፖርት ጫማ ወለሉን ስለሚይዝ፣ ሰውነት ሲዞር እግር ባለበት ይቀራል፣ ጠምዘዙም ጉልበት ላይ ያርፋል። የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፤ ሲዞሩም ክብደትዎ በእግርዎ ፊተኛው መዳፍ ላይ ይሁን።

ለመጋበዝና እምቢ ለማለት መቸገር

የእኛ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ደክሟት ወይም ሳትፈልግ የተነሣች ሴት ዘፈኑ እስኪያልቅ ትሰቃያለች፣ ጋባዡም አብራው ደስ እንዳላት ይመስለዋል። ግብዣው ወደ ራሷ ይቅረብ፤ አብሯት የተቀመጠውን ሰው በአንገት ሰላምታ ማክበር መልካም ነው፣ ፈቃዱን የምትሰጠው ግን እርሷ ናት። «አመሰግናለሁ፣ ትንሽ ልረፍ» ከተባለ ምክንያት አይጠየቅም፣ ወዲያው ተመልሶ መጋበዝም አይገባም። በዚህ ቃል እምቢ ያለ ሰውም በዚያው ዘፈን ከሌላ ጋር አይነሣ። ሴቶች መጋበዛቸው ፍጹም ተገቢ ነው፤ ብዙ ጥሩ ደናሾች ተቀምጠው የሚያመሹት ይህን ስለሚተዉ ነው።

ዳንሱ ከተጀመረ በኋላ ማስተማር አይፈቀድም። የሚያም ነገር ካለ ግን «እጄን ላላ ያድርጉልኝ» ማለት ማስተማር አይደለምና ወዲያው ይነገር።

ተከታይዋ ወደ ኋላ ትለጠጣለች ወይም በግራ እጇ መሪውን ትገፋለች

ይህን ምልክት የስልት ጉድለት አድርጎ የሚያየው መሪ ብዙ ነው፤ አይደለም። በጣም ስለ ቀረባት ነው። የመሪው ቀኝ እጅ ጣቶቹ ገጥመው በጀርባዋ በኩል የትከሻዋ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፣ ወደ ወገብ አይወርድም፤ በመካከላቸውም ሁለቱም እግራቸውን እንደ ልብ የሚያንቀሳቅሱበት ክፍተት ይኑር። መሪው ገለል ካላለ ተከታይዋ ዘፈኑ እስኪያልቅ የመጠበቅ ግዴታ የለባትም፤ «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላ መውጣት መብቷ ነው፣ ነገሩ ከተደጋገመም ለዝግጅቱ ኃላፊዎች ትንገር፤ እነሱም ሰውየውን ጠርተው የማነጋገር፣ ካልታረመም የማስወጣት ግዴታ አለባቸው።